ጋሽ ታምራት የተዉት ጊታር

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን ነው። ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ። ይህ ግን አልረሳ ያለኝ፣ አስተያየት ያጣሁለት ብቸኛው ጉዳይ ስለሆነ ይመስለኛል።

እዚህ በስደት አገር፣ የእኛ ሰው በሚበዛበት ፌርፋክስ ሰፈር ያሉ ወዳጆቼ በሚያዘጋጁት የኢንተርኔት ሬዲዮ ላይ ስለማይረሱ የጊታር ሶሎዎች እንድናገር ተጋብዤ ነበር። ሌላው እንግዳ የፈረንጅ ሮክ ተጫዋቾችን ሲደረድር፣ እኔ እንደ ልማዴ ተቃርኜ፣ ከሁሉም የምመርጠው በአንድ የድሮ የሆቴል ባንድ ካሴት ላይ ያለችን አጭር ሶሎ ነው አልኩ። ሳክስፎኑ ሲያበቃ ጊታሩ ተራውን የረሳ ይመስል ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ በአንዲት ኖታ ብቻ ይነሳል። ክሩን ስቦ ከፍ ያደርጋታል፣ ይለቃታል፣ የቀረውን በባቲ ቅኝት አውርዶ ዝም ይላል። ለመታየት የሚሯሯጥ ጣት የለም። ማን እንደተጫወተው አላውቅም ነበር። በዚያ ዘመን የካሴት ሽፋን ላይ የሚወጣው የዘፋኙ ፎቶ እንጂ የጊታሪስቱ ስም አይደለም።

በሳምንቱ እዚያው ፌርፋክስ እንጀራ ስገዛ አንዲት ወጣት አስቆመችኝ። ጸጋ ትባላለች፤ እዚሁ አገር የተወለደች ናት።

«ጋሼ፣ ያ ጊታር እኮ የዳዲ ነው» አለችኝ።

ፕሮግራሙን የሰማ አጎቷ ደውሎ ነው የነገራት። አባቷ ጋሽ ታምራት ጌታን ከተቀበሉ በኋላ ዓለማዊ ያሉትን ሙዚቃ ሁሉ ትተዋል። ጊታራቸውን ሸጠው፣ የተጫወቱባቸውን ካሴቶች ክራቸውን እየመዘዙ በጥሰዋል። ስለዚያ ዘመን ለልጃቸው አንድ ቀን እንኳ አንስተውላት አያውቁም። አሁን ስትሮክ መትቷቸው ካልቨር ሲቲ ባለው አፓርታማቸው ተኝተዋል። አይናገሩም፤ ሲጠሯቸውም አይዞሩም። ቴራፒስቷ የሚያውቁትን ሙዚቃ አሰሟቸው ብላ፣ መዝሙር ቀኑን ሙሉ ይከፈትላቸዋል። ለውጥ የለም።

«ማሚን ባስፈቅዳት እሺ አትልም» አለች። «ሶ፣ ሰንደይ እሷ ቸርች ስትሄድ አንተ ብትመጣስ?»

ሚስትና ፓስተር ተባብረው አንድ አርቲስት አፍነው ያስቀመጡ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ በመጻሕፍት ደጋግሜ አንብቤአለሁ፤ ጥፋተኛው ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ካሴቱን ስልኬ ላይ ቀድቼ እሑድ ሄድኩ።

ጋሽ ታምራት መስኮቱ አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ግድግዳውን ያያሉ። ግራ እጃቸው ሞቷል። ጸጋ መዝሙሩን ዘጋች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ።

ዘፋኙ ሲዘፍን ምንም የለም። ሳክስፎኑም ምንም። ጊታሩ ገና ከመግባቱ በፊት፣ በዚያች በሚዘገይባት ክፍተት፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ያቺ ኖታ ከፍ ስትል እንባቸው ወረደ። ቀኝ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ወጥቶ ስልኩን የያዘውን እጄን አንጓው ላይ ያዘኝ። ከታመመ ሰው የማይጠበቅ ጉልበት ነበረው።

ጸጋ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ቀና ስል ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆመዋል። ልባቸው አላርፍ ብሏቸው ጸሎቱ ሳያልቅ ተመልሰዋል። መቼ እንደገቡ አላየሁም።

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። መልሱን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

«ፓስተሩ ነው የከለከለው ብለህ ይሆናል» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ማንም አልከለከለውም። እኔ እንኳ ይቺን አንዷን አስቀርልኝ ብዬ ለምኜው ነበር፤ ይቺኑ አሁን የከፈትካትን። እምቢ ያለው እሱ ነው። እምቢ ማለት በማይችልበት ቀን አመጣህበት?»

መጥተው የባላቸውን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው። ዝጋው ግን አላሉኝም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ሦስታችንም ሰማን። ሲያልቅ የጋሽ ታምራት እጅ ላላ፤ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ተመለሰ።

ጸጋ መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ድረስ ሸኘችኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ። እጅህን የያዘው ለምንድን ነው? ወደ ራሱ ነው የሳበህ ወይስ ፑሽ ነው ያደረገህ?»

ከእኔ በቀር ይህን ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም። ዓይኗን አየሁና «ሳበኝ» አልኳት።

ጋሽ ታምራት ክረምቱ ሳይገባ አረፉ። ለቅሶ ላይ ጸጋ ለመጣው ሰው ሁሉ፣ ዳዲ ጊታሩን ሲሰማ ስልኩን ወደ ጆሮው እንደሳበ ስትናገር ሰማኋት። እትዬ ዘነበች አጠገቧ ተቀምጠዋል። አንዴ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ሻዬን ማማሰል ጀመርኩ።

በዚያች ሶሎ ላይ ያለኝ አስተያየት አልተለወጠም፤ ዛሬም የተሻለ ሰማሁ የሚል ሰው ቢመጣ እከራከረዋለሁ። ብቻዬን ስሆን እሰማታለሁ። ያቺ ኖታ ከፍ ስትል በቀኝ እጄ የግራዬን አንጓ እይዛለሁ። መጀመሪያ ወደ ራሴ እስበዋለሁ፤ ከዚያ እገፋዋለሁ። የቱንም ባደርግ ልክ እሳቸው እንደያዙኝ ይሆንብኛል።