ያየ ሰው የሌለው መርዶ

የጎረቤቴን ልጅ ሞት ከእናቷ በቀር ያላየ ሰው በግቢያችን አልነበረም። ያየነው ስልክ ላይ ነው። ቤሩት ሰው ቤት ልትሠራ የሄደች ልጅ ናት። ፎቶዋ ላይ ጥቁር ሪባን ተደርጎ፣ ከጎኗ ሻማ በርቶ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር፣ ለቤተሰቦቿ እንዲደርስ ሼር አድርጉ» ይላል። ቤተሰብ የተባሉት እንግዲህ እናቷ ብቻ ናቸው። እሳቸው የያዙት ተራ ስልክ ደግሞ ከመደወልና ባትሪ ከማብራት ሌላ ሥራ አያውቅም።

ውቤ በረሃ ወሬ አያድርም። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ ሰው በየአቅጣጫው ከተበተነ ወዲህ እንኳ ወሬው አልተበተነም። መርዶ ግን ሌላ ነው። መርዶ ሽማግሌዎች ተማክረው፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩተው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ ያወቀ ሁሉ አፉን ይይዛል። ስለዚህ የእድራችን ዳኛ በማግስቱ እኔ የምሠራበት አምስት ኪሎ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት መጡ። ኮምፒውተር ፊት ስለምቀመጥ ሰፈሩ ኢንተርኔትን የፈጠርኩት እኔ ይመስለዋል። እውነት ይሁን ውሸት አጣራልን አሉኝ።

አጣራሁ። ፎቶው ልጅቷ ራሷ ለፋሲካ የለጠፈችው ነው፤ አጠገቧ የነበረችውን ጓደኛዋን ቆርጠው አስወጥተዋታል። ሞተች ብሎ የለጠፈውን ገጽ ወደ ታች ስወርድ ያንኑ ጽሑፍና ያንኑ ሻማ በሌላ ልጅ ፎቶ ላይ አገኘሁት። ዝቅ ስል ደግሞ በሌላ ልጅ። በምን እንደሞተች፣ የት፣ መቼ፣ ማን እንደቀበራት የሚል አንድ ቃል የለም። ሌሎች ገጾች ላይ የወጣውም ከዚሁ የተገለበጠ ነው፤ የፊደል ግድፈቱን እንኳ አላረሙትም። ደሜ ፈላ። የሰው ልጅ ሞት እንዲህ ለላይክ ይቸረቸራል? ግን የልጅቷ ስልክ ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ዝግ ነው፤ ይሄን ደግሞ ማንም አልፈጠረውም።

«ታዲያ ውሸት ነው ትላለህ?» አሉኝ ዳኛው።

«ውሸት ነው ብዬ አልምልም። ሞተች የሚሉት ግን አንዳቸውም አላዩም።»

«እንግዲያው መርዶ አይደለም» አሉ። «መርዶ ያየ ሰው ነው የሚያመጣው። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

ማንም ትንፍሽ አላለም። ፊታችንን ግን ዝም በል ያለው የለም። የልጅቷ እናት ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሰልባጅ ልብስ ይሸጣሉ። ምላሳቸው አይቻልም፤ አላፊ አግዳሚውን ሲተርቡ ነው የሚውሉት። ያን ሰሞን ተረባቸውን የሚመልስላቸው ጠፋ። በውሃ ወረፋ ዘወትር የሚጣሏቸው ጎረቤት ጀሪካናቸውን ተሸክመው ቤታቸው ድረስ አደረሱላቸው። የሰፈሩ ሴቶች ዋጋ ሳይከራከሩ ከእሳቸው ይገዙ ጀመር። እኔ ራሴ ሰላም ስላቸው ከወትሮው ይልቅ ጎንበስ እል ነበር።

አንድ እሁድ ጠዋት ቤቴ መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል።

«ልጄ ሞታለች አይደል?»

ከዚህ ወዲያ መደበቅ ግፍ ነው አልኩና አሳየኋቸው። የልጃቸውን ፎቶ፣ ከዚያም በዚያው ጽሑፍ የወጡትን ሌሎቹን ልጆች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ፎቶ ያገኘ ሁሉ የፈለገውን ሊጽፍበት እንደሚችል፣ እንኳን ፎቶ ዘንድሮ የሰው ድምፅም በማሽን እንደሚሠራ፣ ስልክ ላይ የመጣ ሁሉ እንደማይታመን ነገርኳቸው።

«ውሸት ከሆነ እናንተ ለምን አዘናችሁልኝ?» አሉ።

ጥቁሩን እንደለበሱ ወጥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ልጅቷ የደወለችው ክረምት ሲገባ ነው። እናትየው ግቢ ውስጥ ዝናብ የነካውን ልብስ ከደረቁ ይለያሉ፤ እኔ ደጄ ላይ ቆሜያለሁ። የማያውቁት የውጭ አገር ቁጥር ነው። አንስተው ጥቂት አዳመጡ። «እማዬ፣ እማዬ» የሚል ድምፅ እኔም ጋ ይሰማል። ፊታቸው አልተፈታም።

«በልጅነትሽ ምን ብዬ ነበር የምጠራሽ?» አሉ።

ከወዲያ በኩል ለቅሶ ብቻ ሆነ። ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። ድምፅዋን አወቅኩት፤ እዚሁ ግቢ ነው ያደገችው። አሠሪዎቿ ስልኳን እንደወሰዱባት፣ ይሄ የሌላ ሠራተኛ ስልክ እንደሆነ በሲቃ እየነገረችኝ ሳለች መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ደወልን፤ የሚያነሳ የለም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልተነሳም።

«እሷ ናት» አልኳቸው ያኔ መስመሩ እንደተቋረጠ። «ድምፅዋን አላጣውም።»

«ድምፅም ይሠራል ብለኸኛል» አሉኝ። የተቆጡ አልመሰለኝም። እልል ሊል ከየቤቱ የወጣው ጎረቤት እሳቸውን አይቶ መልሶ ገባ።

ገጹ አሁንም አለ። ይነሳ ብዬ አመልክቼ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ከፎቶዋ ሥር ዛሬም «ነፍስ ይማር» እያሉ ይጽፋሉ። እኔም «ልጅቷ በሕይወት አለች፣ ለእናቷ ደውላለች» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የማላውቀው ሰው «ማስረጃ አለህ?» ብሎ መለሰልኝ። ሞተች ያሉትን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

በንዴት ስልኬን ዘግቼ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። እናትየው አንድ ሹራብ ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። ደውላለች እኮ፣ ይሄን ጥቁር ያውልቁት ብዬ ለመንኳቸው።

«በእጄ ስነካት አወልቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ፣ በዓይንህ አየሃት?»

አላየኋትም አልኳቸው።