ሉማሜ ላይ የወረድኩበት ቀን

ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ሽንኩርትና አንድ እስር ጎመን ገዝቼ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ባጃጆቹ ቆሙ፣ ጋሪዎቹ ቆሙ፣ እኛም እግረኞቹ ቆምን። ሰዉ ማን ሊያልፍ ነው እያለ ሲጠያየቅ ነገሩ ለእኔ በጆሮዬ ቀድሞ ገባኝ። ዝናብ ራቅ ብሎ ቆርቆሮ ላይ ሲጀምር እንደሚሰማው ነው፣ ብዙ የብስክሌት ካቴና በአንድ ላይ ሲዞር። ወዲያው ብስክሌተኞቹ መጡ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ለብሰው፣ ጎንበስ ብለው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ አለፉ። ነፋሳቸው ፊቴን ነካው። ከኋላዬ የነበረው ባለጋሪ "አባት፣ አልፈዋል እኮ፤ መንገዱን ይልቀቁልን" ባይለኝ ኖሮ ጎመኔን እንዳቀፍኩ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው እቆም ነበር።

ጡረታ የወጣሁ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ዛሬ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይንቋቋል፤ ብስክሌቴም ጓዳ ውስጥ የልብስ ማስጫ ሆናለች። አንድ ጊዜ ግን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ቢጫ ማሊያ ለብሼ በዚሁ መንገድ ላይ ጋልቤያለሁ። ዙር ውድድር ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዙ ለብዙ ቀናት የሚወዳደሩት ነው። የየቀኑ ሰዓት ይደመርና ድምሩ ያነሰለት ሰው በማግስቱ ቢጫውን ለብሶ ይነሳል። ቢጫ የለበሰ ሰው ደግሞ ሁሉም የሚያሳድደው ሰው ነው። እኔ አራት ቀን ለብሼዋለሁ። በመጨረሻ ያሸነፈ ወደ ብሔራዊ ቡድን ይገባል ተብሎ ስለነበር፣ እነዚያን አራት ቀናት እንቅልፍ የሚባል ነገር ብዙም አላወቅሁም።

የተወለድኩት ሉማሜ ነው። ከደጀን ወደ ማርቆስ ሲመጡ አስፋልቱ መሀሏን አቋርጦ የሚያልፍባት ትንሽ ከተማ ናት። አባቴ እዚያ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ድረስ ሄደው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረዋል፤ እናታቸው ሲሞቱ አቋርጠው ተመለሱና የስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ። ትምህርቱ ግን አፋቸው ላይ ቀርቶ ነበር። የሱሪ ወገብ ሲለኩ እንኳ አነጋገራቸው ዜማ ነበረው። ሰርግ ሲሆን፣ ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ፣ መርቁልን ተብለው የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ታዲያ አሳጥሮ መመረቅ የሚባል ነገር አያውቁም። ሙሽሮች እግራቸው እስኪደነዝዝ ቆመው "አሜን" ሲሉ አይቻለሁ።

እኔን ግን አልመረቁኝም። አዲስ አበባ ያለ አንድ የብስክሌት ክለብ ተቀብሎኝ ስሄድ በጣም ተቀይመው ነበር። የስፌት መኪናዋን ለእኔ ሊያወርሱ ነበር ሐሳባቸው። ሻንጣዬን ይዤ ሱቃቸው በር ላይ ቆምኩና "አባዬ፣ ልሄድ ነው፤ ይመርቁኝ" አልኳቸው። ቀና ሳይሉ "ተቀምጦ ለሚሮጥ ሰው የሚሆን ምርቃት አልተማርኩም" አሉኝ። እግራቸውን ከመኪናው መርገጫ አላነሱም። መርፌው ሲወጣ ሲወርድ እያየሁ ትንሽ ቆየሁና ወደ አውቶቡስ ሄድኩ። በእኛ አገር ሳይመረቁ ከቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወዲያ ክለቡ ውስጥ በቆየሁባቸው ሦስት ዓመታት በወደቅሁ ቁጥር፣ ጎማዬ በፈነዳ ቁጥር፣ ያቺ መርፌ ትታየኝ ነበር።

ውድድሩ በሉማሜ በኩል እንደሚያልፍ ስሰማ በአንድ የአውቶቡስ ረዳት ለአባቴ መልእክት ላክሁ። "ሐሙስ ከምሳ በፊት በደጃችሁ አልፋለሁ በላቸው" ነው ያልኩት። ቆመው እንዲያዩኝ ብቻ ነበር ፍላጎቴ። አባቴ ግን መልእክቱን እንደ ሀገሩ ሰው ነው የሰሙት። ልጅ በአባቱ ደጅ ዝም ብሎ አያልፍም። የሚያልፍ ከሆነ ይወርዳል፣ ይቀምሳል፣ ይመረቃል።

የሐሙስ ዕለት የተነሳነው ከጎሃ ጽዮን ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። ጤዛው ገና ሳሩ ላይ ነበር፤ ጣታችን ፍሬኑን መያዝ እስኪያቅተው በርዶናል። ሁለተኛ የነበረው ሳምሶን የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲጋልብ ትከሻው የማይነቃነቅ። በመሀላችን የነበረው የሰዓት ልዩነት ከአንድ ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ ነው። አሰልጣኛችን ጋሽ ታደሰ ማሊያዬን እያስተካከሉልኝ "ስማኝ ደረጀ" አሉኝ፤ "ዛሬ ምንም አታደርግም። የሳምሶንን የኋላ ጎማ እያየህ ማርቆስ ትገባለህ። በቃ።"

"እሺ" አልኳቸው።

ወደ ዓባይ ስንወርድ አየሩ በየኩርባው ይለወጥ ነበር። መጀመሪያ ጆሮዬ ሞቀ፣ ከዚያ ጣቴ፣ ከዚያ ትንፋሼ ሁሉ ትኩስ ሆነ። ዝንጀሮዎች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስናልፍ እንደ ተመልካች ያዩናል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ሙዝ በጥርሴ ልጬ በላሁ። ከዚያ በሽቅብ እስከ ደጀን ድረስ አንድም ሜዳ የለም። ግማሹ ላይ ስንደርስ ሳምሶን አጠገቤ ነበር፤ ጎማውን ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነው። አባቴ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው፣ እኔ ብቻዬን፣ ከፊቴም ከኋላዬም ሰው ሳይኖር፣ በቢጫ ስመጣ። ማርሽ ቀየርኩና ሄድኩ። ሳምሶን አልተከተለኝም። ቀና ብሎ አየኝና በራሱ ፍጥነት ቀጠለ። ብልህ ልጅ ነበር።

ከደጀን ወዲህ ያለውን መንገድ እስከ ዛሬ የማስታውሰው በሕልም እንዳየሁት አድርጌ ነው። ሜዳው ከዳር እስከ ዳር የኑግ አበባ ነበር። ማሳውም ቢጫ፣ ማሊያዬም ቢጫ፣ አንዳንዴ የቱ እኔ የቱ ማሳው እንደሆነ ይምታታብኛል። ጤፉ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። እርሻ መሀል የቆመ አንድ ሰው እጁን አንስቶ የሆነ ነገር ይለኛል፤ ከንፈሩን አያለሁ፣ ድምፁ ግን አይደርሰኝም። የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። አንድ ደመና ከጎኔ አብሮኝ ይጓዛል። በጠርሙስ የያዝኩትን በሶ ጠጥቼ ጨርሼ ነበር፤ ጣፋጩ አፌ ላይ እንዳለ ሉማሜ ታየች።

መጀመሪያ ነጭ ነገር አየሁ። ቀረብ ስል ነጠላ ነው፤ የሰፈራችን ሰው በሙሉ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ጃንጥላ አለ፣ ድፎ ዳቦ የያዙ ሴቶች አሉ፣ የጠላ ማሰሮ አለ። ከሁሉም ፊት፣ ልክ መሀል መንገዱ ላይ፣ አባቴ ራሳቸው የሰፉትን ካፖርት ለብሰው ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገዋል። አንድ ፖሊስ በክንዳቸው ይዞ ሊያስወጣቸው ይሞክራል። "ተወኝ እንጂ፤ ልጄ ነው!" ሲሉት ሰማሁ።

በጎናቸው ማለፊያ ቦታ ነበረ። ፍሬን ያዝኩና ወረድኩ።

እልልታው ቀለጠ። አንገቴን ደፍቼ ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል አባቴ በትከሻዬ ይዘው ቀና አደረጉኝ፣ ፊቴን አዩኝ። ላቤን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉልኝ። "ከሳህ" አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

"የወጣህበት ዳገት ይባረክ።"

"አሜን" አለ ሰዉ።

"የምትወርድበት ቁልቁለት ይታዘዝልህ። እግርህን እንቅፋት አይንካው። እህል ውኃህ ይጣፍጥ። ከፊትህ ያለው መንገድ ይጠረግልህ፣ ከኋላህ ያለው ይዘጋልህ።"

"አሜን፣ አሜን።"

በዚህ መሀል ጎረቤታችን አያ ሙሉ ብስክሌቴን ከእጄ ተቀብሎ እየሳበ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ወሰዳት። እንግዳ ሲመጣ በቅሎውን ተቀብሎ ማሳረፍ የጎረቤት ወግ ነው፤ አያ ሙሉም ወጉን ነው ያደረሰው። አባቴ ለብስክሌቷም አልሰሰቱም፣ "ብረትም ብትሆን ደክማለችና እሷንም ያበርታት" አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ነፍስ አለፉ፣ ከእናቴ ወደ ገና ላልወለድኳቸው ልጆቼ። ሦስት ዓመት የታሰረ ምርቃት ነው፤ ሲፈታ የሚያቆመው አልነበረም። ሳምሶን ደረሰ። ሴቶቹ የመንገድ ጓደኛዬ መስሏቸው "አንተም ቅመስ እንጂ ልጄ" እያሉ ዳቦ ዘረጉለት። ሳምሶን በጎን ሲያልፍ ዓይኑ ከእኔ ላይ አልተነቀለም ነበር። ቆይቶ የቀሩት ብስክሌተኞች ያሉበት ዋናው ቡድን እንዳለ አለፈ። አንገቴን እንደደፋሁ የጎማዎቹን ድምፅ ሰማሁ።

አባቴ ሲጨርሱ ዳቦ ቆርሰው አጎረሱኝ። አያ ሙሉን ጠርተን ብስክሌቷን አስመጣን። ማርቆስ ስገባ ሊቀበለን የወጣው ሰው ተበትኗል። ጋሽ ታደሰ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉኝ።

"አባቴ መረቁኝ" አልኳቸው።

"ለአባት ምርቃት ወርደህ ነው?" አሉ። ከዚያ ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ተነሱ። ቢጫውን በማግስቱ ሳምሶን ለበሰ፤ እስከ መጨረሻውም ከላዩ አልወረደም። ወደ ብሔራዊ ቡድኑም እሱ ገባ። ከዓመት በኋላ እኔ ወደ መምህራን ማሰልጠኛ ገባሁ።

ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ አገሩን አዳረሰ። ቢጫውን ለአባቱ ምርቃት የጣለ ልጅ ተባልኩ። በየአውቶቡሱ ተወራ፣ ካህናቱ ለልጆች አስተማሩበት። አባቴ ያጣሁትን ነገር ምንነት ከሰው ሰምተው ሲረዱ ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም አሉ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጥተው ቢጫ ጨርቅ ፈልገው ገዙና ማሊያ ሰፉልኝ። ክሩ ድርብ ነው፣ ኪሱ ከኋላ ነው፣ ልክ እንደ እውነተኛው። "ያ የሰው ነው፣ ይመለሳል፤ ይሄ ያንተ ነው" ብለው ሰጡኝ። ወስጄ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። አንድ ቀንም አልለበስኩትም። ለምን እንደማልለብሰው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እንዳያልቅብኝ የምሳሳለት ይመስላቸው ነበር።

አሁን ለዚህኛው ውድድር ብስክሌተኞች ከተማው አቀባበል ሲያደርግላቸው እኔንም ጠሩኝና ታሪኩን ንገራቸው አሉኝ። እንደ ልማዴ ነገርኳቸው። የት ላይ ዝም ማለት፣ የት ላይ ቀስ ማለት እንዳለብኝ በደንብ አውቀዋለሁ። አጨበጨቡ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ጉልበቷ ላይ ገና ያልሻረ ቁስል ያለባት፣ እጇን አወጣች።

"ጋሼ፣ ያኔ ሉማሜ ሲደርሱ እግርዎ እንዴት ነበር?"

በዚህ ሁሉ ዘመን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ገበሬው፣ ካህኑ፣ አስተማሪው ስለ ልቤ ነው የሚጠይቁኝ። "አልቆ ነበር" አልኳት። ሌሎቹ ትሕትና መስሏቸው ይበልጥ አጨበጨቡ። እሷ አላጨበጨበችም።

እውነቱ ይኸው ነው። ደጀን ዳገት ላይ ያለኝን ሁሉ ጨርሼ ነበር። በሞተር የሚከተለኝ ዳኛ መጀመሪያ ሦስት ጣት አሳየኝ፣ ቀጥሎ አንድ ጣት፤ በእኔና በሳምሶን መሀል የቀረውን ደቂቃ መቁጠሩ ነበር። ሳምሶን እየደረሰብኝ ነበር። ያ ሕልም መሳይ ሜዳ፣ ድምፁ የማይሰማው ሰው፣ አብሮኝ የሚሄደው ደመና፣ ጉልበቱ ያለቀበት ሰው የሚያየው ነው። ማርቆስ ሳልደርስ ቢጫውን እንደማጣ አውቄያለሁ፤ የማጣው ደግሞ አገሬው እያየኝ ነው። ያ ነጭ ነጠላ ሲታየኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ፍቅር አይደለም። እፎይታ ነው። ሽንፈቴን ሰዎች መስዋዕትነት አሉልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ በዝምታዬም ጥሩ ልጅ ተብዬ ኖርኩ። አባቴም ይህንኑ አምነው አረፉ።

እሳቸው ባሉ ጊዜ ልነግራቸው ስንት ጊዜ ሱቃቸው በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ። አንዳንዴ ምርቃቱ አልደረሰኝም እላለሁ፤ የተመረቀው እሳቸው ያሰቡት ልጅ ነው፣ እኔ አይደለሁም። አንዳንዴ ደግሞ ይህን አላምንም። ምክንያቱም ያን ቀን አንገቴን ደፍቼ፣ ጭንቅላቴ ላይ የከበደው እጃቸው ጣት በጣት እየተሰማኝ፣ ሳምሶን ሲያልፍ፣ ቡድኑ ሲያልፍ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ከልቡ "አሜን" ያለ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። እግዚአብሔርን የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ እንዳይጨርሱ።