ከበረዶ የወጣው እርሾ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ አሰብ የሚበላው ዱቄትም በመርከብ ነበር የሚገባው። እኔ ወደቡ አጠገብ አንድ ፉርኖ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቱ ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ቤቱን አደራ ሰጠኝ። "ደንበኛ እንዳይጎድልብኝ። ከጎደለ ስመለስ ሌላ ጋጋሪ እፈልጋለሁ" አለኝ።

እሱ እንደሄደ የዱቄቱ መርከብ ዘገየ። ምድጃው ቀዘቀዘ። ሦስቱን ሊጥ አቡኪዎች "ዱቄት ሲመጣ እጠራችኋለሁ" ብዬ አሰናበትኳቸው። እርሾውን በጣሳ አድርጌ፣ እንዳይበላሽ ዓሣ ነጋዴው በረዶ ቤት አስቀመጥኩት። እዚያ ሰነበተ።

መርከቡ በገባ ማግስት አቡኪዎቹን ከየቤታቸው ለቃቀምኩ፤ እርሾውንም አውጥቼ በለብ ያለ ውሃና በዱቄት አቦካነው። የከባድ መኪና ሹፌሮች ፀሐይ በረድ ሲል ወደ መሀል አገር ይነሣሉ፤ ስንቃቸው ከእኛ ነው። አሰብ ላይ ደግሞ ሊጥ ለማስነሣት አይደከምም፤ ሙቀቱ ይሠራልሃል። ያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ እንደ ጭቃ ተኝቷል።

አንድ ሹፌር ብቅ ብሎ አየው። "አንተ ሰው፣ እንዲሁ ቆርጠህ ስጠን። ጋቢናው ላይ ብናስቀምጠው መንገድ ላይ ካለችው ደባይሲማ ሳንደርስ ይበስላል።"

አቡኪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን እንጀራዬን እያሰበ ነበር።

ለፍየሎች ልደፋው ገበቴውን ሳነሣ የከተማው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህርት ዳቦ ሊገዙ መጡ። ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ገበቴውን አስቀምጥ አሉኝና ሊጡን አሸተቱት።

"ሞቷል፣ መምህርት" አልኳቸው።

"አልሞተም። ዛሬ ዱቄት ስታገኝ መጀመሪያ ምን አደረግህ?"

"ሠራተኛ ሰበሰብኩ።"

"እሱም ያንኑ እያደረገ ነው።"

እርሾ በዓይን የማይታዩ ሕዋሶች ክምችት ነው አሉኝ። በያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠሩ፣ ራይቦዞም የሚባሉ ጥቃቅን ማሽኖች አሉ። በማሽኖቹ በራሳቸው ውስጥም ብዙ ዐይነት ፕሮቲን ተገጣጥሟል። ሕዋሱ ሲራብ የማሽኖቹን ዕቃዎች መሠራት የሚያዙትን ጂኖች ዝም ያሰኛል፤ ማሽን መሥራት ብዙ ስንቅ ይፈጃልና። ሲጠግብ ደግሞ አስቀድሞ የሚቀሰቅሰው እነሱኑ ነው። ዕቃው ሁሉ በልኩ መምጣት ስላለበት ጊዜ ይወስዳል።

"አንዱ ቢበዛስ?" አልኳቸው።

"ለአንድ ምድጃ ሁለት በር ቢኖርህ ምን ታደርግበታለህ?"

"ትርፉን እዚያ ሹፌር አፍ ላይ እገጥመዋለሁ።"

ሳቁና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጡ። "እንዳትደፋው እዚሁ እጠብቅሃለሁ" ብለው የተማሪዎቻቸውን ደብተር ማረም ጀመሩ። እኔም ገበቴውን በጆንያ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ። ከቀትር በኋላ ከሊጡ ላይ አንዲት አረፋ ፈነዳች። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያማ ጆንያውን ገፍቶ ወጣ።

ሹፌሮቹ ትንሽ አመሹ እንጂ ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ያ ቀልደኛው ትኩሱን ገምጦ ምላሱን አቃጠለና "ጋቢናው ይሻል ነበር" አለ፤ ግን ሁለት ዳቦ ጨምሮ ገዛ። ባለቤቱ ሲመለስ ደንበኛው ሁሉ በቦታው ነበር፤ የፉርኖ ቤቱ ቁልፍም እኔው ዘንድ ቀረ። ያን ቀን ያሻገሩኝ ደብተራቸውን ይዘው ጆንያ ላይ የዋሉት የጎጃሟ መምህርት ናቸው።