ማዶ የሌለው ውኃ

ወለተኪዳን ወልደ ጻድቅ የመንዝ ሞላሌ ሴት ናት። የበግ ጠጉር ስትፈትል ያላያት ሰው ቢኖር አገሩን የማያውቅ እንግዳ ብቻ ነው። መንገድ ስትሄድ ትፈትላለች፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ትፈትላለች፤ ሰው ሲያናድዳትማ እንዝርቷ ይበልጥ ይፈጥናል!

አባቷ በጉብዝናው ዘመን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ቆላ ወርዶ፣ እነሱ ሲመለሱ እሱ ወደፊት ገፍቶ፣ ባሕር አይቶ የመጣ ሰው ነበር። መጥቶም "ማዶ የሌለው ውኃ አየሁ" አለ። ይህን ያለው ማን ፊት ነው? መንዜ ፊት! ወንዙን ሁሉ በእግሩ ተሻግሮ ማዶ የሚያርስ ሰው ፊት! ሳቁበት። ስሙንም "አባ ማዶየለሽ" አሉት። በዚያው ሲጠራ ኖረ፣ በዚያው ሞተ። በተዝካሩ ቀን እንኳ አንዱ ጠላውን እንደጨበጠ "መቼም አሁን ማዶውን አይቶታል" ቢል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

ወለተኪዳን ያን ሳቅ አልዋጠችውም። "ባላየሁት እንዴት ልሟገት?" ትል ነበር፤ "አንድ ቀን ግን አየዋለሁ።"

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት እሷ የምትመራው የበግ ጠጉር ባና ሠሪዎች ማኅበር ኮከብ አምራች ተባለ። ከየአውራጃው የተመረጡ ሰዎች ምጽዋን ሊጎበኙ ነው ሲባል ወለተኪዳን ስሟ ተጠራ። እኅቷ አልጣሽ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

"ሰው እንዴት ወዶ ቆላ ይወርዳል? ወባ ይብላሽ?"

"አልጣሽዬ፣ ከበላኝም ማዶውን ካየሁ በኋላ ይብላኝ" አለችና በሶዋንና አንድ አቅማዳ ባዘቶ የበግ ጠጉር ቋጥራ ወጣች። መንገድ ላይ ሥራ መፍታት አትወድም።

በአውሮፕላን አሥመራ፣ ከዚያ በወታደር ታጅበው ቁልቁል ወደ ምጽዋ። ጎኗ የተቀመጠው ወሰኔ የሚባል የመርሐቤቴ ጤፍ አራሽ ነው፤ እሱም ኮከብ ነው፤ ምላሱም ኮከብ ነው። እሷ የአባቷን ነገር አንድ ሳታስቀር አጫወተችው።

ምጽዋ እንደ ደረሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊት ለፊት ገረፋቸው። ከባሕር ድንጋይ የተሠሩትን አሮጌ ቤቶች አሳዩዋቸው፣ የጨው ክምሩን አሳዩዋቸው። ወለተኪዳን ግን ዐይኗ ውኃው ላይ ነው። ዳር ቆማ አሻግራ አየች። አሻግራ ብታይ... ጥቁር የመሬት መስመር!

"ያውልሽ ማዶው!" አለ ወሰኔ። "አባትሽ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዐይናቸው ደከም ይል ነበር መሰለኝ።"

"አንተ መርሐቤቴ፣ አፍህን ለጤፍህ አቆየው!" አለችው። ያን ዕለት ግን እንዝርቷን አልነካችም።

አንድ ሽማግሌ ጀልበኛ ሲነጋገሩ ሰምተው ኖሮ ሳቁ። "ይኼ እኮ የባሕሩ ጉያ ነው፣ እመቤቴ። ነገ የምትሄዱባት ደሴት ጫፏ ላይ ለመርከብ የሚበራ ግንብ አለ። ከላይ ወጥተው ወደ ፀሐይ መውጫ ይመልከቱ።"

በማግስቱ ጀልባው ላይ ኮከቦቹ ሁሉ ሲያጥወለውላቸው እሷ ቁልቁል ታያለች። ውኃው እንደ ብርጭቆ ጠርቶ ቢጫ ዓሣ፣ ሰማያዊ ዓሣ፣ እንደ ጥለት የተሸነተረ ዓሣ ከሥሯ ይተራመሳል! ደሴቲቱ ዳር ደግሞ ዛፍ ከጨው ውኃ ውስጥ በቅሎ ቆሟል። ወይ የእግዚአብሔር ሥራ!

ለመንዝ ሰው ደሴት ማለት ገዳም ነው። ስለዚህ ወለተኪዳን ከጀልባው እንደ ወረደች ጫማዋን አወለቀች፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አሸዋው ላይ ደርድራ መሬቱን ተሳለመች። ወሰኔም አይቷት አወለቀ።

"ታቦቱ የማን ነው?" አለችው አስጎብኚውን ጓድ ገብረየሱስን።

"ታቦት የለም እማማ። ሸርጣን ነው ያለው።"

"ገዳም የሌለው ደሴት? ታዲያ ማን ይጠብቀዋል?"

እዚያው እርጥቡ አሸዋ ዳር ጥላ ሥር ምሳ በልተው ሲመለሱ ጫማ የለም! ባሕሩ ሞልቶ፣ ጫማቸውን ወስዶ፣ ምንም እንዳላደረገ ጸጥ ብሏል። ዝናብ ሳይዘንብ የሚሞላ ውኃ ማን ሰምቶ ያውቃል? ግንቡ ደግሞ ገና ወዲያ ጫፍ ላይ ነው።

"በባዶ እግር አይሆንም" አለ ጓድ ገብረየሱስ። "ድንጋዩ ምላጭ ነው፣ አሸዋው እሳት ነው። እማማ ጀልባው ላይ ይቀመጡ።"

የመንዝ እግር እሾህ ያውቃል፣ ውርጭ ያውቃል። ሞከረችው። ጥቂት እንደ ሄደች ግን እንደ ቆሎ ዘላ ተመለሰች።

ወሰኔ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በቃ፣ አየን እንበላቸው። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለኋ!"

አቅማዳዋን ፈታች። የበግ ጠጉሩን በእግሯ ዙሪያ ወፈር አድርጋ ጠቀለለች፤ በፈተለችው ክር ከጣቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠፍራ ጠፍራ አሠረች። ቆመች። ረገጠች። አይፋጅም!

ወሰኔ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ቁርጥ በግ መስለሻል!"

"ነኝ! ቀንዳም በግ! ና እግርህን አምጣ።"

ጓድ ገብረየሱስ "እማማ! እማማ!" እያለ ቢጮህ ማን ሊሰማው። በጎቹ መንገድ ገብተዋል።

ግንቡ ሥር ሲደርሱ ወሰኔ ጥላው ላይ ተዘረረ። ወለተኪዳን ብቻዋን ደረጃውን ያዘችው። ጠጉሩ በየደረጃው እየተያዘ፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ ወጣች። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ አየች፤ ምጽዋና ተራራው፤ ማዶ። ከዚያ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞረች።

ውኃ። ከዚያ ወዲያ ውኃ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ።

አላመነችም። የጠፋ በግ ገደል ለገደል እንደምትፈልግ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አበጠረችው። የለም! እንባዋ መጣ፤ ጠረገችውና ደግማ አየች። የለም!

ለመውረድ እግሯን እንዳነሣች ግን ቆመች። ሞላሌ ሄዳ ብትምል ምን ይሏታል? "ለአባቷ ናት፤ የሥጋ ዘመድ ምስክር ይሆናል እንዴ?" ይሏታላ! መንዜ ሙግት ያውቃል።

"ወሰኔ!" ብላ ቁልቁል ጮኸች። "ና ውጣ!"

"ጉልበቴ አለቀ! አንቺ ካየሽ ይበቃል!"

"እኔ ልጁ ነኝ! ባዕድ ምስክር እፈልጋለሁ! ሳትወጣ አልወርድም!"

ከወዲያ የጀልባው ጡሩምባ ይነፋል። ወሰኔ ወደ ጀልባው አየ፣ ወደ ላይ አየ፤ እየተራገመ ተነሣ። ወጥቶ ጎኗ ሲደርስ እሱም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ አበጠረው።

"እትዬ ወለተኪዳን" አለ በመጨረሻ፣ "ለዚህ እንግዲህ ሞላሌ ድረስ መጥቼ ልማል ነው?"

"ታዲያስ! ጠላው በእኔ ነው።"

"ጠላ ብቻ?"

"ሙክትም አርዳለሁ! አሁን ግን በደንብ እይ፤ መስቀለኛ ጥያቄ አለ።"