የጓጎለው መድኃኒት

ገዲሴ ተወልዳ ያደገችው ላፍቶ ነው። አባቷ ጤፍ ያርሱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ለእሷ የተረፋት ከቤቷ ጀርባ ያለው በረትና ሦስት ላሞች ናቸው። በዚህ ስታማርር ግን የሰማት ሰው የለም። ወተቱንም አይቡንም ጀሞ ፎቅ ላይ ላሉ ደንበኞቿ እያደረሰች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ሶሬቲን ለብቻዋ ታሳድጋለች።

ሶሬቲ ስኳር የተገኘባት በዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን አሥራ ሁለት ሞልቷታል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የምትወጋት እናቷ ናት። ገዲሴ ትምህርት ቤት ብዙም አልገፋችም፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ራኬብ ያሳየቻትን ግን አንዲት ነገር አታዛንፍም። ደመና የሚመስለውን መድኃኒት በሁለት መዳፏ መሀል ቀስ አድርጋ ታንከባልለዋለች፤ አንድ ዓይነት ነጭ ሲሆን ብቻ ትቀዳለች።

ድሮ ብልቃጡን የምታስቀምጠው እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ያገለገለ ፍሪጅ ገዛችና ደስታዋ ወሰን አጣ። መድኃኒቱ ይበልጥ ይቀዝቅዝላት ብላ ከሁሉም ኋላ፣ ከበረዶው ሥር አስጠግታ አኖረችው።

ከዚያ በኋላ የልጅቷ ስኳር አልወርድ አለ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ሶሬቲ ውኃ ትጠጣለች፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች፣ አቅም አጥታ ትተኛለች።

«ምን በልተሽ ነው? እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት ገዲሴ።

«ምንም አልበላሁም እማዬ።»

«ከረሜላ በልተሽማ ነው!»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገዲሴ የልጇን መርፌ ልታዘጋጅ መስኮቱ አጠገብ ቆመች። ከወትሮው በተለየ ብልቃጡን ብርሃን ላይ ስታነሳው እጇ ቀጥ አለ። በብልቃጡ መስተዋት ውስጠኛ ገጽ ላይ ደቃቅ ነጭ ቅንጣቶች ተለጥፈዋል። አሬራ ምድጃ ላይ ሞቅ ሲል፣ አይቡ ከአጓቱ መለየት ሲጀምር የሚያሳየው መልክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስታየው ኖራለች። ደግማ አንከባለለችው። አልጠፋም። መርፌውን አስቀመጠችና ልጇን ደግፋ፣ ብልቃጡን በመሀረብ ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ሲስተር ራኬብ የሶሬቲን ደምና ሽንት መረመረች፤ ወዲያው ከአዲስ ብልቃጥ ቀድታ ወጋቻት።

«እንኳን ዛሬ አመጣሻት እትዬ ገዲሴ። አንድ ቀን ቢጨመር ኖሮ ሆስፒታል ነበር የምንልካት» አለች። ከዚያ አሮጌውን ብልቃጥ አንስታ አየችው። «ይሄ በረዶ ሆኖ ነበር።»

«በረዶ? እኔ እኮ የሚያበላሸው ሙቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር!»

«ሙቀትም ያበላሸዋል፣ በረዶም ያበላሸዋል። ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ ወተትሽ ውስጥም ፕሮቲን አለ። ውኃው ለብቻው በረዶ ሲሆን ቅንጣቶቹ በቀረችው ጠባብ ቦታ ይታጨቁና ይጣበቃሉ። በረዶው ቢቀልጥም መልሰው አይላቀቁም። አንቺ በልኩ ብትቀጂም መድኃኒቱ በልኩ አይሠራም።»

«አይቡም እንደዚሁ ነው» አለች ገዲሴ በቀስታ። «አንዴ ከተያዘ ብታቀዘቅዢውም አሬራ አይሆንም።»

«ለመሆኑ እንዲህ ማየት ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና። አይቡ እንዳይጠጥርብሽ ከድስቱ ላይ ዓይንሽን አትንቀዪ ትለኝ ነበር።»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስኳሩ መውረድ ጀመረ። ገዲሴ አግዳሚው ላይ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።

«ሶሬ፣ በከረሜላው ነገር በድዬሻለሁ። ይቅር በዪኝ።»

«እኔም መድኃኒቱ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም እኮ» አለችና ሶሬቲ ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ገዲሴ እናቷን አመሰገነች፤ ነርሷን አመሰገነች፤ ፈጣሪዋንማ አመስግና አልጠግብ አለች።

በወሩ የቀጠሮ ቀን ሲስተር ራኬብ ስኳር ላለባቸው ልጆች ወላጆች እንድትናገር ገዲሴን አስነሳቻት። ገዲሴ በሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም፤ እንደዚያም ሆኖ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ በልጇ ላይ የጮኸችውንም ጭምር አልደበቀችም። «ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ብልቃጡን እዩት» ብላ ጨረሰች።

ከጎፋ የመጣ ለሜሳ የሚባል አባት ስልኩን አውጥቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን «መድኃኒቱን ከበረዶው ቤት አውጪልኝ፤ ዛሬ ሌላ እናስመጣለን» ሲላት ገዲሴ ሰማችው።