ያልጠሩኝ ደወል

ከጦርነቱ በፊት በስደት አገር፣ አል-ጣኢፍ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት አሮጊት ሐጃ ቤት እሠራ ነበር። ሐጃ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ፎቅ ላይ ተኝተው ይውላሉ። ልጃቸው ሽቦ አልባ ደወል ገዛና የሚጫኑትን ቁልፍ ትራሳቸው አጠገብ፣ የሚጮኸውን ማድቤት አደረገው። ከዚያ ወዲህ አረፍ ማለት ቀረ።

ደወሉ ሲጮኽ ጉልበቴን ይዤ ደረጃውን እወጣለሁ። ሐጃ ዓይናቸውን ገልጠው «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ማን ጠራሽ?» ይሉኛል። ስወርድ ሽንኩርቱ አሮ ይጠብቀኛል። ደግሞ ይጮኻል። የወሎ ልጅ ነኝና ጂን ነው አልኩ። ከቁርኣን አያተል ኩርሲይን ቀርቼ እትፍ እትፍ አልኩበት። የሚሰማ ጂን አልነበረም።

አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ የጎረቤት ሠራተኛ፣ የአገሬ ልጅ፣ ከነሱ ጣሪያ ሆና «እህቴ፣ እኛ ቤት ጂን ገብቷል፤ ሳይጠሩኝ ደወሉ ይጮኻል» አለችኝ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የኔ ሐጃ ሲጫኑ እሷ ትሮጣለች፤ የሷ እመቤት ሲጫኑ እኔ።

ለልጃቸው ብነግረው ከአል-ሳሃፋ ሰፈር አንድ አበሻ ጠጋኝ አመጣ። ሐጃ «ጎረቤቶቹን ደወላችሁን ዝጉ በላቸው» አሉት። እሱ በዓረቢኛ መልሶላቸው ወደኔ ዞረ። «እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ሩኽሳ አይጠየቅበትም፣ እህቴ። ያለ ፈቃድ ስለሚሠራ ግን ሌላው ቢረብሸው አቤት የሚባልበት የለም፤ ችሎ መኖር ነው።» እኔም የምሠራው ያለ ፈቃድ ነበርና ሕጉ ቶሎ ገባኝ።

«ኮዱን ብቀይረው ግን ከነሱ ይለያል» ብሎ ካቻቪቴውን አወጣ። ደስ አለኝ፤ በቀን አንዴ እንኳ ጋደም ልል ነው ብዬ።

ሐጃ ደወሉን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ተወው። ነካክተኸው እምቢ ቢለኝስ? ጠርቻት ከምትቀር ሳልጠራት ትምጣ።» ከኔ በፊት የነበረችው ሳትሰማቸው ወለል ላይ ወድቀው እንደዋሉ አውቃለሁ። ደክሞኛል ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ሐድር»፣ እሺ፣ ነው። ጠጋኙ መሣሪያውን ሰብስቦ «መዓለሽ፣ አይዞሽ» ብሎኝ ሄደ።

ከአስር ሰላት በኋላ ጋደም እንዳልኩ ጮኸ። ወጣሁ።

«አልጠራሁሽም» አሉኝ። ልመለስ ስዞር «ከመጣሽ አይቀር እግሬን እሺልኝ» አሉ። የኔም እግር ይቆረጥም ነበር። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ የሳቸውን አሸሁ።