ከሰማይ ያልመጣ ሞገድ

የፊዚክስ መምህሩን ተማሪዎቻቸው በሌሉበት «ጋሽ ሽራፊ» ይሏቸዋል፤ ከአቶም የሚያንስ ነገር ካልተነሣ ፈገግ አይሉምና። ያስከበራቸው ግን አንድ ሥራ ነው። ጋላክሲዎች ሁሉ የበቀሉት አጽናፈ ዓለም ገና ጨቅላ ሳለ ከነበረ፣ እዚህ ጠበቅ እዚያ ሳሳ ከሚል ኢምንት መዋዠቅ ነው። ያንን መዋዠቅ በጊዜ ወደኋላ ቢከተሉት እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ የምናውቀው ሕግ ሁሉ የማይሠራበት መጠን ላይ ይደርሳል። እዚያ ያለው ያልታወቀ ሕግ ሰማይ ላይ አሻራ ትቶ ይሆን? ጋሽ ሽራፊ ሒሳቡን ሠርተው «አዎ፣ ትንሽ ሞገድ ትቷል» አሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ሞገድ ኖሩ።

አንድ ቀን የመጨረሻዋ ተማሪያቸው የመመረቂያ ጽሑፏን ይዛ ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ስሌቱን የምንጀምርበትን ቅጽበት ትንሽ ስገፋው ሞገዱም አብሮ ይሄዳል። ከሰማይ አይደለም የመጣው። እኛው ነን ያስገባነው።»

እውነቷን ነው። የማይታወቀውን ዘለው የሆነ ቦታ መጀመር ነበረባቸው፤ ሞገዱም ከዚያ አጀማመር የመጣ ነው።

«ይህችን ገጽ አውጫት» አሏት፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት።

«እንዴ! ዋናው ነገርኮ እሷ ናት።»

«ካላወጣሽ አልፈርምም።»

አራት ዓመት ለፍታለች፤ እናቷ ምርቃቷን ለማየት ቀን ይቆጥራሉ። አወጣቻት። ፈረሙላት። ፈሪ ነበሩ፤ ሌላ ስም ላወጣላቸው አልችልም።

ልጅቷ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተቀጥራ ጎናቸው ያለውን ቢሮ ያዘች። ሞገዱ ከሰማይ እንደመጣ ለተማሪዎች ስታስረዳ ድምጿ በስሱ ግድግዳ ይሰማቸዋል። ሰባት ዓመት ሰሙት፤ ነፍሳቸው ተጨነቀች። ጡረታ ሊወጡ ሳምንት ሲቀራቸው በሯን አንኳኩ።

«ያቺን ገጽ እናሳትማት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ እጽፋለሁ።»

ወንበር ሳበችላቸው፤ ውሃ ቀዳችላቸው።

«አሁን ነው ጋሼ? እርስዎስ ጡረታ ይወጣሉ። እኔ የት ልግባ? ሦስት ልጆች እኮ በዚሁ ሞገድ ላይ እያስመረቅሁ ነው።»

ቤታቸው ሄደው ስሕተቱን ብቻቸውን ጻፉና ለመጽሔት ላኩት። መጽሔቱም እንደ ደንቡ ጉዳዩን ጠንቅቆ ለሚያውቅ ባለሙያ ለግምገማ ሰጠው።

ከሁለት ወር በኋላ የገምጋሚው መልስ መጣ። ስም የለውም፤ አንድ ገጽ ነው፣ ጥንቅቅ ያለ። ማን እንደጻፈው ለማወቅ ግን ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ እንደዚያ መጻፍ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

«ጸሐፊው ሥራውን በቅጡ አልተረዱትም» ይላል። «አይታተም።»